ምች ይመታል፣ ድምፅ ግን አይመታም

አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ የሚያውቀው፣ የትም ያልተጻፈ ሕግ አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ አራት ተጣበዋል፤ የአንዱ ላብ ከሌላው እጅጌ ጋር ተዋውቋል። አንዱ ምስኪን መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ገርበብ ያደርጋል። ወዲያው ከኋላ «ወንድሜ፣ እስቲ ዝጋው፤ ንፋስ ይመታኛል» ይባላል። ይዘጋል። «ንፋሱ የቱ ጋ ነው የሚመታሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሐኪም ማስረጃ አምጪ የሚልም የለም። ለአንዲት ሴት ጆሮ ግንድ ሲባል ታክሲ ሙሉ ሰው ከሜክሲኮ እስከ መገናኛ እየተቀቀለ ይሄዳል። ደግሞም አይከፋውም። ነገ እሱንም ንፋስ ሊመታው ይችላላ!

እንዲህ ነን እኛ። የሰው ገላ ስስ መሆኑን በማመን ማንም አይቀድመንም። ምግብ ሲያበስል ቆይቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ከንፈሩ ሲቆስል «ምች ነው» እንላለን፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይቀርባል፤ ማንም አይከራከርም። ሳይነስ ያለበት ሰው ሽቶ ሸትቶት ግንባሩን ይዞ ሲወጣ፣ ሽቶውን የተቀባችው ራሷ ይቅርታ ትጠይቃለች።

የበዓል ገበታ ደግሞ የዚህ ደግነታችን ማሳያ ነው። ጋሼ ደም ብዛት ስላለባቸው የሳቸው ወጥ ጨው ሳይነካው በትንሿ ድስት ለብቻው ይሠራል። ጨጓራ ላለበት አልጫ አለ። አጎት ከምሳ በኋላ ጋደም ካላሉ ይነጫነጫሉ፤ ስለዚህ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነሳል፣ ልጆች ወደ ግቢ ይነዳሉ፣ ቤቱ በሹክሹክታ ይተዳደራል። አንዷ ዘመድ የበግ ሥጋ ሽታው አይስማማትም። «ሞልቃቃ» አይሏትም አልልም፤ ይሏታል፤ ግን ዶሮው ወደ እሷ ይጠጋላታል።

ከዚያ የሰባት ዓመት ልጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ርኅራኄ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ቤቱ በአንድ አፍ ይናገራል፦ «ምን ሆኖ ነው? ቅጡት እንጂ!»

የዘመዴ ልጅ ነው፤ ማሙሽ ልበለው። ማሙሽ ብልህ ነው፤ የአንበሳ አውቶቡስ ቁጥርን ከነመስመሩ ይነግራችኋል። ግን ጆሮው፣ ቆዳውና አፍንጫው የሌላውን ሰው ያህል ቻይ አይደሉም። ለሱ በዓል የሚጀምረው በር ላይ ነው። የበዓሉ ቤት ባለቤት እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል። አናታቸው ላይ ለጋ ቅቤ አለ፤ አንገታቸው ላይ ከዱባይ የመጣ ሽቶ አለ፤ ነጠላቸው ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ የተቁላላ ሽንኩርት አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠመጠምበታል። ከዚያ መሳም ነው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ማሳረጊያው ግንባር ላይ። ልጁ እንደ ምሰሶ ይደርቃል። ሲለቁት ጉንጩን በእጅጌው ይጠርጋል። «አየሽው? ተጠየፈኝ!» ይላሉ እትዬ፤ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። እንግዲህ የበዓሉ የመጀመሪያ ሽምግልና ይቀመጣል።

ነገሩ የጠባይ ሳይሆን የነርቭ መሆኑን የሚያስረዳ ሰው ቢገኝ መልካም ነበር። ጂን ኤርስ የምትባል አሜሪካዊት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አእምሮ ከጆሮ፣ ከዓይን፣ ከቆዳ፣ ከመገጣጠሚያና ከውስጠኛው ጆሮ የሚመጣለትን ወሬ እንዴት እንደሚያደራጅ፣ ማደራጀቱ ሲያቅተውስ ልጁ ምን እንደሚሆን ጽፋለች። የብዙዎቻችን አእምሮ በር ላይ ንቁ ዘበኛ አለ፤ የማቀዝቀዣውን ጉርምርምታ፣ የካልሲውን ስፌት፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ «አትገቡም» ብሎ ይመልሳል። ማሙሽ ዘንድ ዘበኛው ሁሉንም ያስገባል፤ ያውም እየጮኹ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የኦቲዝም መለያ መስፈርቱን ሲያሻሽል፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለሽታና ለንክኪ ከልክ ያለፈ ወይም ከልክ ያነሰ ምላሽ መስጠትን ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ አስገብቶታል። ኦቲዝም የሌለባቸውም እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ።

«ከልክ ያነሰ» የሚለውን ሳንረሳ። የማሙሽ የአጎት ልጅ እንዲያ ናት። እሷ ደግሞ ሁሉ ነገር ይጎድላታል። ሶፋ ላይ ትዘላለች፣ ቄጤማው ላይ ትንከባለላለች፣ ከሰው ጋር ሆን ብላ ትጋጫለች፣ ሚጥሚጣ በጣቷ ትልሳለች። እሱ «አኩራፊ» ሲባል እሷ «ጋኔን የሰፈረባት» ትባላለች። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ በበዛበት፣ ሌላዋ ባነሰባት ይቀጣሉ።

ወደ ድምፁ ልምጣ፤ በዓላችን ድምፅ ነውና። ሲፈጥረን ዝምታን እንጠረጥራለን። ዝም ያለ ቤት ኀዘን የገባበት ወይም የተጣሉበት ነው። ስለዚህ የበዓል ዋዜማ ባዛር ስትገቡ፣ ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት ድንኳኖች ስፒከራቸውን ፊት ለፊት አዙረው አንዱ የባህል ዘፈን፣ ሌላው የብርድ ልብስ ዋጋ ይለቁባችኋል። አንደኛው ሲጨምር ሌላኛው ይጨምራል። መሐል ላይ ቆሞ ሹራብ የሚመርጠው ሰውዬ የሚስቱን ድምፅ የሚሰማው በስልክ ሲደውልላት ብቻ ነው። ለፋብሪካ ሠራተኞች ጆሮ ተብሎ የወጣ ልክ አለ፤ 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ ይቀራል። ይህ እንግዲህ ለጎልማሳ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ሕፃኑን ግን ከረሜላ አስይዘን ግማሽ ቀን እናዞረዋለን፤ ሲያለቅስ «ደክሞት ነው» እንላለን።

ርችት ደግሞ አለ። ርችት ክፋቱ ሳይናገር መምጣቱ ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማሙሽ ከአልጋ ሥር አይወጣም። የሚገርመው፣ ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮህ መዋሉ ነው! የጅራፍ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው እንዲያ የሚጮኸው፤ ቀላል ጩኸት አይደለም። ዘመድ ይህን ባየ ጊዜ ምርመራውን ጨርሶ ፍርዱን ሰጠ፦ «ጅራፍ አይረብሸውም፤ እንግዲያው አውቆ ነው!» ጅራፉ በራሱ እጅ መሆኑን፣ መቼ እንደሚጮህ ራሱ መወሰኑን ልብ ያለ አልነበረም። መቼ እንደሚመጣ የምታውቁት ጩኸትና ከጀርባ የሚፈነዳባችሁ ጩኸት አንድ አይደሉም። ካልተስማማችሁ አጎትን ከእንቅልፋቸው መሐል በጅራፍ ቀስቅሷቸውና ውጤቱን ንገሩኝ።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ለፎቶ ሲባል አንገቱ ዙሪያ ጥልፍ የሆነ፣ ገና ውኃ ያልነካው የባህል ልብስ ይለበስለታል። ጥልፉ ከውጭ ያማረውን ያህል በውስጥ በኩል ይከረክራል። ልጁ አንገቱን ሲያክ ይውላል። ፎቶው ላይ ሁሉም ሰው ይስቃል፤ አንድ ልጅ አንገቱን ጠምዝዞ ከካሜራው ውጭ ያለ ነገር ያያል። ፎቶው ከደቂቃ በኋላ ዋሽንግተን ይደርሳል። «ለምንድነው ማሙሽ ያልሳቀው?» የሚል ጥያቄም ከዚያ ይመጣል፤ ቤተሰባዊ ግምገማው እንግዲህ አህጉር ይሻገራል።

ጉርሻው ግን ሳይነገር አይታለፍም። ባህላችን ለጉርሻ የሚያወጣው ሕግ ጥብቅ ነው፤ አንድ ያጣላል፣ ስለዚህ ሁለት ይሆናል፤ ከጎረሱ በኋላ ማጉረስም አለ። የፍቅር መለኪያው መጠኑ ነው። እትዬ እንጀራውን ጠቅልለው፣ መረቁን አጥቅሰው፣ ከዕንቁላሉ ቆረስ አድርገው፣ የሕፃን ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ይዘው ጠረጴዛውን ይዞራሉ። ማሙሽ የሚበላው እንጀራ ለብቻው፣ ዳቦ ለብቻው፣ ዕንቁላል ለብቻው ነው፤ የለሰለሰና የጠነከረ አንድ ላይ አፉ ውስጥ ሲገባ ያስመልሰዋል። እትዬ ይህን ያውቃሉ፤ እናቱ ነግራቸዋለች። ግን «የኔ ጉርሻ እኮ ሌላ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከሌላው ሰው ይበልጣል። አፉን ገጥሞ ይቆማል። እጃቸው አየር ላይ ይቀራል፤ መረቁ በክንዳቸው ይወርዳል። ያጣላል የተባለው አንዱ ጉርሻ ሳይጎረስም ማጣላቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ ምክር ይፈስሳል። ምክር በኛ ቤት ከቡና ጋር ነው የሚቀርበው። «ስልክ ነው ያበላሸው» ይላል አንዱ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «ዓይን ነው፤ ጸበል ውሰዱት» ትላለች ሌላዋ። «እኛ ስናድግ አንድ ቁንጥጫ ነበረች መድኃኒቱ» ይላሉ ጋሼ፤ ጨው የሌለው ወጣቸውን እየበሉ። የማንም ዘመድ ያልሆነ፣ ግን ሁልጊዜ የሚጠቀስ አንድ ልጅ አለ፦ «የነእገሌ ልጅ እኮ እስከ አምስት ዓመቱ ምንም አልተናገረም፤ አሁን ካናዳ ውስጥ መሐንዲስ ነው።» ይህ መሐንዲስ በየቤቱ ይጠራል። እናትየው «ማሙሽ ይናገራል እኮ፤ ጩኸት ነው የማይወደው» ብትል የሚሰማት የለም። የሚሰማ ቢኖርማ መጀመሪያ ነገርም አይመጣም ነበር።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ልጇን የሚቀበላት ትምህርት ቤት ያጣችው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ስትከፍት፣ አገሩ ኦቲዝም የሚለውን ስም እንኳ አልለመደም ነበር። ብዙ ልጆች ከእርግማን ተቆጥረው ጓዳ ይደበቁ ነበር። እሷ በየመድረኩና በየሚዲያው እየወጣች ተናገረች፤ ነህምያን የመሰሉ ማዕከላትም ተከተሉ። ዛሬ ስሙን ሁሉም ያውቀዋል። ቴሌቪዥን ላይ ሲወራ እትዬም «ወይኔ የኔ ልጆች!» ብለው ከንፈር ይመጣሉ። ከንፈር ሲመጡ የቴሌቪዥኑ ድምፅ መጨረሻው ላይ ነው፤ ማሙሽም ከጠረጴዛው ሥር ነው።

የማሙሽን እናት ያደነቅኋት ተስፋ ባለመቁረጧ ሳይሆን በተንኮሏ ነው። በዓል ሊደርስ ሲል ስልክ ትመታለች። «እትዬ፣ ማሙሽ ሰላም የሚለው ቡጢ በመግጨት ነው፤ ዘንድሮ እንደዚያ ያድርጉለት» ትላለች። «ቡጢ? እኔን? በልጅ ቡጢ ልመታ?» እንዲህ እያሉ ድርድሩ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። አዲሱን ልብስ ደጋግማ አጥባ ታለሰልሰዋለች፤ ከሥሩ ስፌቱ ወደ ውጭ የተገለበጠ ካናቴራ ታለብሰዋለች። ማንን እንደሚያገኝ፣ ምን ቀድሞ ምን እንደሚከተል ከስልኳ ላይ ፎቶ እያሳየች ትነግረዋለች፤ መጀመሪያ ምሳ፣ ቀጥሎ ቡና፣ ከዚያ ቤት።

ትልቁ ተንኮሏ ግን በሰዓቱ መምጣቷ ነው። እንግዳ ሳይሞላ፣ ጫጫታው ከሥር ከሥር ሲጨምር ልጁ አብሮ እንዲለምደው ብላ ነው። «ስድስት ሰዓት» ተብላ ስድስት ሰዓት ላይ በር ታንኳኳለች። እትዬ ቢጎዲን ጸጉራቸው ላይ እንደተጠቀለለ ከፍተው ክው አሉ። የልጁን ጠባይ ይቅር ያሏት ይመስለኛል፤ ሰዓት ማክበሯን ግን እስካሁን ያወሩባታል።

ጓዳ ውስጥ የእንግዳ ኮት የሚከመርበት አንድ መኝታ ክፍል አለ። እሱን እናቱ ለማሙሽ አስለቀቀችው። መጋረጃው ተዘግቶ፣ አልጋው ላይ የአያቱ ጋቢ አለ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ከበድ ብሎ ሲጫነው ልጁ ይረጋጋል። ፈረንጅ አገር ለዚሁ ሲባል ክብደት የተሰፋበት ብርድ ልብስ በውድ ይሸጣል፤ እኛ ቤት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ብል ይበላዋል። ለዘላይዋ የአጎት ልጅ ደግሞ የተቆላውን ቡና፣ ሙቀጫውንና ዘነዘናውን ሰጥታ በረንዳ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ክንዷ እስኪዝል ወቀጠች፤ ጋኔኑም ለጊዜው ለቀቃት። ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ያሰክነዋል። ዕጣኑና ከሰሉም እዚያው በረንዳ ላይ ሆኑ፤ ሳይነስ ያለባቸው ሁሉ መረቋት፤ ለነሱ ያደረገችው መስሏቸው።

ጆሮው ላይ የሚያደርገው ግን ብዙ አነጋገረ። የግንባታ ሠራተኛ ብረት ሲቆርጥ የሚያጠልቀው ዓይነት መሸፈኛ ነው።

«ምንድነው የሚያዳምጠው?» አሉ ጋሼ።

«ምንም።»

«ምንም ለማዳመጥ ገንዘብ አወጣሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ከምሳ በኋላ ለአጎትህ ታውሰዋለህ?» አሉት ልጁን። አልሰማቸውም።

ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ ይሆናል፤ ጥምቀት ላይ ግን ያንን ሁሉ ሕዝብ ጥሶ ጃንሜዳ ልጅ ማስገባት አይሞከርም። እናቱ ጥር 10 ከሰዓት ታቦት የሚያልፍበት ሰፋ ያለ መንገድ ዳር ላይ፣ መመለሻ በሚያመች ጥግ ታቆመዋለች። እልልታው ከሩቅ ሲመጣ መሸፈኛውን ያጠልቃል፣ ሲያልፍ ያወልቃል። ጸበሉንም ከሚረጨው ቱቦ ሳይሆን ከላስቲክ ጠርሙስ በገዛ መዳፉ ይነካል። ከቱቦው የሸሸ ልጅ ከጠርሙሱ ራሱ ጠይቆ ይደግማል።

ወደ ቤቱ በዓል ስንመለስ፣ መውጫው ላይ ነው ሁሌ ጣጣው። እናቱ ቶና ሳይፈላ ትነሳለች፤ ልጁ ገና ደህና ሳለ፣ በዓሉ በደስታ እንዲያልቅለት። «በረካ ሳትጠጡ? በረከቱን ጥላችሁ?» ይባላል። በር ላይ ቆሞ መሰነባበቱ ራሱ ሌላ በዓል ነው፤ ድፎው ተቆርሶ በፌስታል ይጠቀለላል፣ ጫማ ይጠፋል፣ ያልተወራ ወሬ ሁሉ ያን ጊዜ ይታወሳል። ማሙሽ የመኪናውን በር ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋል።

ባለፈው ገና ምሳው ሊቀርብ ሲል መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ዘፋኙ አፉን እንደከፈተ ጨለመ። የገና ዛፉ ብልጭ ድርግም ማለቱን ተወ፤ የጎረቤት ስፒከር መሐል ላይ ተቆረጠ። ቤቱ በምሬት ተሞላ። «በበዓል ቀን እንኳ!» «ማቀዝቀዣ ውስጥ ሥጋ አለኮ!» «ጄኔሬተር ግዙ ብዬ ነበር!» እያሉ ሁሉም አዘነ፤ ሲያዝኑ ደግሞ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። በዚህ መሐል ማሙሽ ከጓዳ ወጣ። መሸፈኛውን አውልቆ አንገቱ ላይ አደረገው፤ ከትልልቆቹ መካከል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከድፎው መሐሉን ብቻ ቦርቡሮ በላ። ለጋሼ ከፒያሳ ሳሪስ የሚሄደው አውቶቡስ ቁጥር ስንት እንደሆነ ነገራቸው። ለእትዬ ቡጢውን ዘረጋላቸው፤ እትዬም ግራ ቀኝ አይተው ገጩት። «ዛሬ ምን ተገኘ? ጸበሉ ያዘለት ማለት ነው!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። እንዲህ ዓይነት ገና ማሙሽም ቤቱም አይተው አያውቁም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ላይ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ አጨበጨበ፤ አንዷ እልል አለች፤ ቴሌቪዥኑ ካቆመበት በላይ ጮኾ ተነሳ። ማሙሽ ዳቦውን አስቀምጦ፣ መሸፈኛውን ጆሮው ላይ መልሶ ወደ ጓዳ ገባ። እትዬ በዓይናቸው ሸኙትና ወደ እናቱ ጠጋ ብለው፣ ስፒከሩን ለማሸነፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አየሽው? አሁን ደህና ነበር እኮ፤ አመሉ ነው የተነሳበት!» አሏት።